ያልተሰጠው ቅናሽ

ወይዘሮ ፀሐይቱ ከመኪናቸው ሲወርዱ ጃለኔ ስድስተኛዋን መኪና አጥባ በቆርቆሮው ጥላ ሥር እያደረቀች ነበር። ሴትዮዋን ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቀና ሲሉ ግን ማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ዓይናቸው የፍቅረኛዋ የኢያቄም ዓይን ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ወደ ታች ያዘነበለ። ልዩነቱ የልጁ ዓይን ይለምናል፣ የእናቱ ዓይን ይመረምራል።

እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ሄደችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ወይዘሮ ፀሐይቱ ካዛንቺስ ያለው የመኪና ኪራይ ድርጅት ባለቤት ናቸው። ባላቸው አቶ ገብረክርስቶስ ሲሞቱ የተረፏቸው ሁለት አሮጌ መኪናዎች ነበሩ። ዛሬ ጊቢያቸው ሃያ መኪና ይቆምበታል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ በግንቦቱ ጉባዔ ለሚመጡ እንግዶች የሚከራዩ ናቸውና ፖሊሽ እንዲደረጉ ለጃለኔ ተሰጥተዋል። አምስቱ አልቀው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል።

ሴትዮዋ ብዙ አልተናገሩም። በአምስቱ መኪናዎች ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩ፤ የአንዱን በር ዳበሱ፤ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ፊት ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ አነበቡ።

«ዋጋሽን ጽፈሽ መስቀልሽ ጥሩ ነው» አሉ። «እኛን ደግሞ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ወደ ስምንት መቶ ዝቅ ስላደረግሽልን አመሰግናለሁ። ልጄ ነግሮኛል። ደንበኛ መያዝ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል።»

ጃለኔ ክው አለች። ለአምስቱም መኪናዎች ሙሉ ዋጋዋን በኢያቄም እጅ ተቀብላለች። አንድም ቀን ስምንት መቶ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመገመት ሁለት ጊዜ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ አፏን ልትከፍት ስትል ግን ኢያቄም እናቱ ፊት ቆሞ ሲቅለሰለስ ታያትና ምላሷ ተያዘ። «እኔም አመሰግናለሁ፣ እትዬ» ብላ ዝም አለች።

ሴትዮዋ ሊሄዱ ሲሉ የዚሁ ሰፈር ልጅ መሆኗን ጠየቋት። የቄራ ልጅ እንደሆነች፣ አባቷም እዚያው ሥጋ ቤት እንዳላቸው ነገረቻቸው። «አሃ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ጃለኔ ግን በር ሲዘጋ የሰማች ያህል ተሰማት።

መኪናቸው ወደ ኦሎምፒያ ታጥፎ ከዓይኗ ሲሰወር፣ እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ውኃው ጨርሶ እስኪንጠፈጠፍ ጨምቃው ነበር።

ያቺን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ጃለኔ ከሰማይ አላወረደቻትም። ሥራውን የተማረችው ቄራ አካባቢ ባለ ጋራዥ ከመኪና ቀለም ቀቢው ከጋሽ አስገዶም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከኦሎምፒያ ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ላቫጆ ጥግ ተከራይታ የራሷን ሥራ ስትጀምር፣ በሰፈሩ የፖሊሽ ዋጋ የሚቆረጠው የደንበኛው ጫማ እየታየ ነበር። ከረባት ያሰረ ሲመጣ ዋጋው ይሰቀላል፤ ባለታክሲ ሲመጣ ይወርዳል። እሷም እንደሰው በአራት መቶም በአምስት መቶም ትሠራ ነበር። ኪራይዋን ለመሸፈን በቀን ሦስት መኪና ማውጣት አለባት። ሦስት መኪና ለማውጣት ደግሞ መጣደፍ አለባት።

አንድ ቀን ስትጣደፍ የአንድ አስተማሪ መኪና የጎማ ክዳን፣ ፓራንጎው ላይ የፖሊሽ ማሽኑን አንድ ቦታ አቆየችው። ቀለሙ ተቃጠለ። የጥፍር ያህል ነጭ ቦታ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ሰውየው አልጮኸባትም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ፤ ያ ከጩኸት ይልቅ ቆረጣት። ከኪሷ አስቀብታ መለሰችለት፤ በዚያው ሳምንት ጋሽ አስገዶም ዘንድ ሄዳ ሥራውን ልትተወው እንደሆነ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው አላባበሏትም። ሳትጣደፍ ብትሠራ አንድ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ጠየቋት። ማጠቡ፣ የተጣበቀውን ቆሻሻ መልቀሙ፣ በማሽን አንድ ዙር መላ አካሉን መሄዱ፣ መወልወሉ፣ በድምሩ አምስት ሰዓት አለቻቸው። ስፖንጁስ? ፖሊሹስ? መብራቱስ? ዝናብ ሆኖ ሰው የማይመጣበት ቀንስ? ሁሉን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አስጻፏት። በመጨረሻ «አንቺስ የታለሽ?» አሏት። ጃለኔ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ስፖንጁ አለ፣ ኪራዩ አለ፤ እሷ ግን የለችም። የራሷን ቀን ጨርሶ አልጻፈችውም ነበር።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር የተወለደችው ያን ዕለት ነው፤ ለትልልቆቹ መኪናዎች ደግሞ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ከዋጋው በታች ጃለኔ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨመረችበት፦ «ባለ አንድ ዙር ፖሊሽ። ከአሥር ጭረት ሰባቱ ይጠፋል፣ ሦስቱ ይቀራል።» ጎረቤቶቿ ሳቁ። ሥራዋ የማይችለውን ጽፋ የምትሰቅል ነጋዴ አይተው አያውቁም። ጥቂት ወር ቆይቶ ግን መኪናውን የሚወድ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ይሰለፍ ጀመር። ምን እንደሚገዛ ስለሚያውቅ ተከፍቶ የሚመለስ አልነበረም።

ኢያቄም የመጣው ባለፈው ጥቅምት ነው። የባቡሩ መንገድ ሲቆፈር አቧራው ካዛንቺስን አልብሷት ነበርና፣ እሱ ደግሞ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ቀለሙን በጭረት ሞልቶታል። ዋጋውን አንብቦ ትንሽ እንድትቀንስለት ለመናት። እሷም ሳትቆጣ፣ ዋጋውን ብቻ መቀነስ እንደማትችል፣ ከፈለገ ግን ሥራውን ልትቀንስለትና ኮፈኑን ብቻ ልትሠራለት እንደምትችል ነገረችው። ኢያቄም ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቁሞ አያት። ብዙ ወንድ አይቷታል፤ ማሽን ይዛ ስትሠራ ማየት ስለሚገርማቸው መንገድ ላይ ቆመው የሚያዩዋት አሉ። እንዲህ ግን ማንም አላያትም፤ አንድ ነገር ጠፍቶት ሲፈልግ ኖሮ ያገኘው ይመስል ነበር።

ሙሉውን አሠራ። በሳምንቱ ምንም ያልጎደላትን መኪና ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሰበብ መፈለጉን ተወና ኦሎምፒያ ማኪያቶ ልጋብዝሽ አለ። ዓይን አፋር ነው። በአፉ የማይደፍረውን በኪራይ ፎርም ጀርባ እየጻፈ፣ ፖሊሽ እየተሠራላት ባለች መኪና የመስታወት መጥረጊያ ሥር ሰክቶላት ይሄዳል። «ዛሬ ካዛንቺስ ዘነበ። አንቺ ጋ ጥላ እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም አሳሰብሽኝ» የሚለውን ወረቀት ጃለኔ እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች።

በሰባት ወር ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳን ካዛንቺስ ወስዷት አያውቅም። እናቱን ሲያነሳ ድምፁ ይቀንሳል። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ይላል። እሷም ሰጠችው። የዘጠኙ መኪናዎች ሥራ ሲመጣ፣ በቃ ጊዜው ደረሰ ብላ በልቧ ተደስታ ነበር።

አሁን ደስታዋ ከንቱ እንደነበር ገባት። እናቱ ፊት ዋጋዋን ለመናገር አፍሯል። ከአራት መቶ ብሩ ይልቅ ይህ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ዋጋዋን ያፈረበት ሰው እሷንም ማፈሩ አይቀርም አለች። ያን ዕለት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሺህ ብር በፖስታ አድርጋ፣ ከውስጡ አንድ ወረቀት ከታ፣ የድርጅቱን ሾፌር እንዲያደርስላት ለመነችው። ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦

«ኢያቄም፣ እናትህ የሚያውቁት ስምንት መቶ ነው። እኔም የተቀበልኩት ስምንት መቶ ይሁን። የቀረው ያንተ ነው። ምጽዋት አልለመንኩህም። ጃለኔ።»

ሐሙስ አልመጣም። ዓርብ አልመጣም። ስድስተኛዋን መኪና ጨርሳ ሰባተኛዋን ግን አልነካቻትም። መኪና ሲቆም በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ እንግዳ ሰው ሆኖ ሲወርድ ተመልሳ ታቀረቅራለች። እንኳን መጥቶ ይቅርታ ሊለኝ፣ እውነቴን ነው ብሎ ሊሟገተኝም አልፈለገም ብላ ከፋት። ኢያቄም በበኩሉ የተመለሰችለትን ፖስታ ሲያይ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎት ካዛንቺስ ቢሮው ውስጥ ደብዳቤ እየጻፈ እየቀደደ እንደነበረ ያወቀችው ኋላ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ሲከፋቸው ሦስት ቀን ሄደ።

ቅዳሜ ጋሽ አስገዶም ሊጠይቋት ብቅ አሉ። የቆሙትን መኪናዎች አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ምን እንደሆነች እስክትነግራቸው ለቀቅ አላደረጓትም። ነገረቻቸው። ኢያቄም ዋሽቷል፣ አፍሮባታል፣ አርክሷታል። ሽማግሌው ጨርሳ እስክትናገር ጠበቁ።

«እሱስ ዋሸ» አሏት። «ሴትዮዋ ያልሰጠሻቸውን ቅናሽ ሲያመሰግኑሽ አንቺ ምን አልሽ?»

ጃለኔ የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች።

«ዝም አልሽ። ዝም ስትዪ ዋጋሽን ለሁለተኛ ጊዜ የቀነስሽው አንቺ ነሽ።»

ቃሉ መረራት። እሑድን ሙሉ ስታላምጠው ውላ መጨረሻ ላይ እውነት ሆኖ አገኘችው። ሲገባት ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ከፋኝ ከማለት ይልቅ ቀለል አላት። የሰውን ጥፋት ልታርም አትችልም። የራሷን ግን ማቅናት ትችላለች።

ሰኞ ጠዋት የክት ልብስ አልለበሰችም፤ ንጹሑን የሥራ ቱታዋን ለበሰች እንጂ። ያለቀችውን ስድስተኛዋንና ያልተነኩትን ሦስቱን፣ የአራት መኪናዎች ቁልፍ ይዛ ካዛንቺስ ሄደች። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወይዘሮ ፀሐይቱ ከጠረጴዛቸው ጀርባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ያነባሉ። ተቀመጪ ሲሏት መቆሙን መረጠች። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ደረደረች።

«እትዬ፣ ባለፈው ረቡዕ ያላደረግኩትን ነገር አመስግነውኝ ዝም አልኩ። ዛሬ የመጣሁት ለዚያ ነው። ቅናሽ አላደረግኩም። የአንዱ መኪና ዋጋ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ አራት መቶውን ከኪሱ ሲሞላ የነበረው ልጅዎ ነው። እሱን መልሼለታለሁ። ላለቁት አምስቱ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝና ስምንት መቶው ይበቃኛል። ለቀሩት አራቱ ግን ዋጋዬ ያው የጻፍኩት ነው። ካልተስማሙ ቁልፉ እዚህ አለ።»

  ወይዘሮ ፀሐይቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ጎን ባለው በር «ኢያቄም» ብለው ተጣሩ።

ገባ። ጃለኔን ሲያይ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ጺሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ተቆጥታበት እንኳን አሳዘናት።

እናቱ አራት መቶ ብሩን ለምን ከኪሱ እንደከፈለ ጠየቁት። ኢያቄም ጉባዔው መድረሱን፣ የሌሎቹ ሥራ ጥሩ አለመሆኑን፣ ዋጋው ውድ መስሎ እንዳይታያቸው መፍራቱን እየተቻኮለ ደረደረ።

«ለምን እንደከፈልክስ ሰማሁ» አሉት እናቱ በዝግታ። «ለምን ደበቅከኝ ነው የምልህ።»

ኢያቄም ያንን የሚለምን ዓይኑን ወደ ጃለኔ አዞረ። ሌላ ቀን ቢሆን ቃል ትወረውርለት፣ ታግዘው ነበር። ዛሬ አላገዘችውም። ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው። ከታች የታክሲ ክላክስ ይሰማል። ኢያቄም የበሩን እጀታ ለቀቀና ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«ስለምወዳት ነው፣ እማዬ። ሰባት ወር ሆነኝ። የቄራ ልጅ፣ ፖሊሽ የምትሠራ ልጅ እወዳለሁ ብዬ ልነግርሽ ፈራሁ። መጀመሪያ ሥራዋን ካየሽ እሷንም ትወጂያታለሽ ብዬ አሰብኩ። ዋጋው ውድ ነው ብለሽ ከመለስሻት ግን እሷን የምታዪበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

 ጃለኔ ይህን አልጠበቀችም። አፍሮብኛል ብላ ስትቃጠል የሰነበተችበት ሰው እናቱን በሥራዋ በኩል ሊያስወድዳት ሲሞክር ነበር። ደረቷ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ተነሣ። ቁጣዋ ግን አብሮ አልጠፋም፤ መጥፋትም እንደሌለበት አወቀች።

«ሥራዬን አይተው እንዲወዱኝ ፈልገህ፣ ሥራዬን አርክሰህ አሳየሃቸው» አለችው።

ኢያቄም አንገቱን ደፋ። 

ወይዘሮ ፀሐይቱ የልጃቸውን ነገር እንዳልሰሙት ሁሉ ወደ ዋጋው ተመለሱ። ነጋዴ ናቸው፤ ሲደነግጡም ሲናደዱም የሚሸሹት ወደ ሂሳብ ነው። አምና ሌላ ሰው በአምስት መቶ ብር ፖሊሽ አድርጎላቸው እንደነበረ ነገሯት። ተመሳሳይ ማሽን፣ ተመሳሳይ አንድ ዙር። ታዲያ የእሷ ለምን ከእጥፍ በላይ ይሆናል? ጃለኔ ያንን መኪና እንዲያሳዩዋት ለመነች።

ሦስቱም ወደ ጊቢው ወረዱ። ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። መኪናዋ ጥቁር ናት፤ ከሩቅ ታበራለች። ጃለኔ ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዛ ፀሐይዋ በኮፈኑ ላይ በምትወድቅበት በኩል አቆመቻቸው። ያኔ ታየ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ኮፈኑን ሞልቶታል። ከዚያ የወይዘሮ ፀሐይቱን አውራ ጣት ወስዳ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ቀለሙ አልቆ ከሥሩ ያለው ግራጫ ወጥቷል።

«ይህን የሠራው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም» አለቻቸው። «በአምስት መቶ ብር ለመኖር በቀን አራት መኪና ማውጣት ነበረበት። እኔም እንዲህ ሠርቻለሁ፤ የሰው መኪና አቃጥያለሁ። የእኔ ዋጋ ቀስ ብዬ የምሠራበት ዋጋ ነው።»

ሴትዮዋ ጣታቸውን ከጠርዙ አላነሱም። ይህችኛዋንስ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ታስተካክይልኝ ይሆን አሏት። ጃለኔ ሳታቅማማ እንደማትችል ነገረቻቸው። አንድ ዙር አይበቃትም፤ ብዙ ዙር እንዳይኬድባት ደግሞ ቀለሙ ሳስቷል። ወደ ቀቢ ቢወስዷት እንደሚሻል፣ ለጉባዔው ግን ባያወጧት ጥሩ እንደሆነ መከረቻቸው። ወይዘሮ ፀሐይቱ መኪናዋን ትተው ልጅቷን ማየት ጀመሩ። እጃቸው ላይ የመጣን ሥራ መልሰው የሚሰጡ ሰዎች በሕይወታቸው ብዙ አላጋጠሟቸውም።

«የዘጠኙንም ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ» አሉ። «ያለቁትንም ጨምሮ። እኔ የማንንም ላብ በውሸት አልወስድም።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «በዋጋሽ ተስማምቻለሁ። ስለ ልጄ ግን ገና ነኝ።»

«እኔም ስለ ልጅዎ ገና ነኝ፣ እትዬ።»

 ወይዘሮ ፀሐይቱ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ለአፍታ የሚቆጡ መሰሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ ብጤ ታየች፤ ቶሎም አልጠፋችም። ቅዳሜ መኪናዎቹን ራሳቸው መጥተው እንደሚረከቡ፣ በዚያውም የአባቷን ሥጋ ቤት እንድታሳያቸው ነገሯት። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ደረጃው ሄዱ። ጃለኔ ባለፈው ረቡዕ ሲዘጋ የሰማችው በር ገርበብ ማለቱ ደስ አላት፤ እየገፋች መግባት ግን አላማራትም።

ወደ ኡራኤል የሚወስደውን መንገድ ይዛ በእግሯ ወጣች። ብዙ ሳትርቅ ከኋላዋ የሚሮጥ ኮቴ ሰማች። ኢያቄም ነው። መኪናውን ትቶ፣ ኮቱን ሳይዝ፣ ሰው እየገፋ መጣ። ደርሶባት ሲቆም ትንፋሽ አጥሮታል። ከኪሱ ሁለት ፖስታ አወጣ። አንዱ እሷ የላከችው ነው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ የሦስት ቀን ደብዳቤ።

ጃለኔ አልተቀበለችውም።

«እስከ ዛሬ የነገርከኝን ሁሉ በወረቀት ነው የነገርከኝ። አሁን በአፍህ ንገረኝ።»

የእግረኛ መንገዱ ተጨናንቋል። የቢሮ ሰው ለምሳ ወጥቷል፤ አንዷ ዣንጥላዋን አዘንብላ በመካከላቸው አለፈች። ኢያቄም ግራ ቀኙን አየና ፖስታዎቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ባንቺ አፍሬ አላውቅም» አላት። «ያፈርኩት በራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ እናቴን ፊት ለፊት አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ቀንሺልኝ ስልሽ፣ ለማታውቂው ሰው ዋጋሽን እንዲያ ቀና ብለሽ ስትነግሪኝ… ማለቴ፣ የወደድኩሽ እዚያው ነው። ከዚያ ያንኑ የወደድኩትን ነገር ሄጄ ቀነስኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ ስላንቺ ዝቅ ብዬ አልናገርም፤ ለማንም።»

የጃለኔ ዓይን እንባ አቀረረ። ሊጠርግላት እጁን ሲያነሳ ራሷ ጠረገችው፤ እጁን ግን ይዛ አስቀረችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትለው አሰኝቷት ነበር። አላለችውም። ውሻው ዘግይቶም ቢሆን በጅቡ ፊት ጮኋል፤ እሷም ቆማ ሰምታለች።

«እንግዲያው ና» አለችው። «እኔ እናትህን አይቻለሁ። አንተ ደግሞ አባቴን ታያለህ። አሁን፣ በጠራራ ፀሐይ።»

መኪናውን ሄዶ ላምጣ አለ። ታክሲ እንዳለ ነገረችው። ከኡራኤል ተሳፍረው ኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ ቀረ። ሂሳብ ሲጠየቅ የኢያቄም እጅ እንደልማዱ ወደ ኪሱ ሄደች፤ መንገድ ላይ ቆመች፤ ተመልሳ ጉልበቱ ላይ አረፈች። ጃለኔ የሁለት ሰው ከፈለች።  ኢያቄም አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያ ልመና አልነበረም። ጃለኔ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ኦሎምፒያ ወርደው እስከ ቄራ በእግራቸው ሄዱ። አባቷ አቶ ኢተፋ ነጭ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ሥጋ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው በሥራ ሰዓት፣ ከማያውቁት ወንድ ጋር ስትመጣ ሲያዩ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጠበቁ። ኢያቄም አጠገባቸው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«ኢያቄም ገብረክርስቶስ እባላለሁ፣ ጋሼ። የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ጃለኔን እወዳታለሁ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ቆየሁ።»

አቶ ኢተፋ ጫማውን አላዩም፣ ልብሱን አላዩም። ፊቱን አይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይህ ልጅ ሥራሽን ያውቀዋል?»

ጃለኔ ኢያቄምን አየችው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፤ አንገቱን ግን አልደፋም።

«ከዛሬ ጀምሮ ያውቀዋል፣ አባዬ።»

አባቷ ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን በእግራቸው ወደ ጥላው ገፋ አደረጉና ለኢያቄም ቦታ አሳዩት። ኢያቄም ተቀመጠ። ጃለኔም አጠገቡ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሚያይበት በዚያ በር ላይ፣ ሰባት ወር ሙሉ በደረቷ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ፍቅር አብሯት ቁጭ አለ።